«አሪፍ አልበም ጠቁሙኝ» ብላችሁ አትጠይቁ

«አሪፍ አልበም ጠቁሙኝ» የተባለ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው የራሱን ጉርምስና ነው። በደርግ ጊዜ ፍቅር የያዘው ኤፍሬም ታምሩን ወይ ንዋይ ደበበን ይላችኋል። ከሱ በዕድሜ ከፍ የሚለው ጥላሁንን ይላል፣ ያውም ቆጣ ብሎ፣ «ይኼም ይጠየቃል እንዴ» በሚል ፊት። በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ ሮፍናንን። ሁሉም ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው የምትገዙት አንድ ብቻ ሲሆን ነው።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። ለእንቁጣጣሽ ሊመጣ ሲል ደወለና «አንድ ሸክላ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አንድ ብቻ ግን፣ ሻንጣውን የእማዬ መድኃኒትና የልጆቹ ጫማ ሞልቶታል፣ አስቢበትና ንገሪኝ» አለኝ። ማጫወቻ አለኝ። አሮጌ ነው፣ ጠጋኝ ቤት ገብቶ የወጣ፣ መብራት ሲዋዥቅ አብሮ የሚዋዥቅ፣ ግን ይሠራል። ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ ሸክላ ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ዕድሉ በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። እንግዲህ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ።

ባሕር ዳር ላይ ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ጂጂ ነው። ሐይቁ ዳር ቡና የምንጠጣበት ቦታ ላይ ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ ሦስት ሰው እኩል «ጂጂ!» አለ። ይገባኛል። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት፣ የኛው አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ ስም የወጣው አልበም ላይ «ዓባይ» አለበት፣ ያንን ዘፈን ደግሞ ውኃው ከጣና ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው እንደ ሌላው አይሰማውም። በዛ ላይ አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ትልልቅ ሰዎችም ተጫውተውበታል። ይኼን ስነግራቸው ከሦስቱ አንዱ «እኔ ጃዙን አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ማልቀሴን ነው» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ግን እኔ ያንን አልበም በቃሌ ነው የማውቀው፣ ስልኬ ላይም አለ። የማውቀውን ለመግዛት ደግሞ ምክር አያስፈልገኝም።

(በነገራችን ላይ ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። ሰፈራችን ያሉ ጡረተኛ መምህር፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ሲነግሩኝ «የ67ቱን ነው፣ ሌላ እንዳይሰጡሽ» አሉኝ። ወንድሜ 67 ብሎ ቢፈልግ መቼም አያገኘውም፣ ምክንያቱም በፈረንጅ አቆጣጠር 1975 ነው። የድሮ ሰው የሚነግራችሁ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ወይ ስምንት ጨምሩ። እኔ ከዚህ በታች የምጠራቸው የአልበምና የሙዚቀኛ ዓመቶች ግን እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጋሼን ምክር ግን እንዲህ በቅንፍ ላልፈው አልችልም፣ እስከ መጨረሻው ዝርዝሬ ውስጥ የቆየ ነውና። «ኧረ መላ መላ» መጀመሪያ የወጣው በካይፋ ሪከርድስ ነው። በ1986 ደግሞ አንድ የቤልጅየም አሳታሚ፣ ክራምድ ዲስክስ፣ በዛው ስም ለፈረንጅ አወጣው፣ ብዙ የውጭ ሰው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በሱ ነው። ቀጥሎ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ብሎ በሚያዘጋጀው ተከታታይ ሥራ ውስጥ 7ኛ ሆኖ ገባ። አያችሁ፣ አንድ ስም፣ ሦስት እትም። አልበም የሚጠቁማችሁን ሰው «የትኛውን እትም?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ የዘፈኖቹን ዝርዝር እናንተው አስተያዩ፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ጋሼ ሌላም ነገር አስረዱኝ፣ እኔ አስቤው የማላውቀውን። የነሱ ዘመን ሙዚቃ በአብዛኛው አልበም ሆኖ አልወጣም። በደቂቃ 45 ዙር እየዞረች የምትጫወት ትንሽ ሸክላ ነበረች፣ ፊትና ጀርባዋ አንድ አንድ ዘፈን፣ በቃ። እነ ዐምሓ ሪከርድስ፣ የያኔዎቹ አሳታሚዎች፣ ብዙውን ያወጡት እንደዛ ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «የጥላሁንን አልበም ግዢ» ሲላችሁ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የዘፈኖች ክምር ነው እንጂ አንድ ዕቃ ላይሆን ይችላል። የዛን ጊዜ ነገር ከፈለጋችሁ የምትገዙት ስብስብ ነው፣ ለምሳሌ ከኢትዮፒክስ 17ኛው የጥላሁን ነው፣ 9ኛው የዓለማየሁ እሸቴ። ዐሥር ገደማ ዘፈን ባንዴ ታስቦ፣ ባንዴ ተቀርጾ፣ አንድ ሽፋን ለብሶ መውጣት በደንብ የለመደብን በካሴት ጊዜ ነው። ይኼን ሳታውቁ ከተነሳችሁ የሌለ አልበም ስታስፈልጉ ትከርማላችሁ።

ቢሮ ስጠይቅ ቴዲ አፍሮ። ስለ ቴዲ ብዙ አልልም፣ 2017 ላይ የወጣው «ኢትዮጵያ» የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የያዘ ነው፣ እኔ ጠቆምኩት አልጠቆምኩት ምንም አይጎድልበትም። ጎረቤታችን ያለው ዲያቆን የዓለሙ አጋን በገና አለኝ፣ ኢትዮፒክስ 11ኛው። ይኼኛውን በቁም ነገር አሰብኩበት። ዐሥሩ አውታር በአንድ ሰው ጣት ሲርገበገብ፣ ለዐቢይ ጾም ማታ ማታ ... ግን ዲያቆኑ ራሱ «ለጾም ነው እንግዲህ፣ በፋሲካ ማግስት እንዳታወጪው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ዓመቱን ሙሉ የምሰማው ነገር ነው የፈለግኩት።

አዝማሪ ቤትም ሄጃለሁ። ያልተጠየቀ ሰው እንዳይኖር ብዬ። አዝማሪው ማሲንቆውን እንደያዘ ጥያቄዬን ከጓደኛዬ ሰማና ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዛ ዞር አለና፦

ሸክላ ታስመጫለሽ ከባሕር ማዶ ሰው፣
የቤቱን አዝማሪ ማን ሰው ብሎ ያድምጠው።

ቤቱ ሳቀ፣ እኔም ከፈልኩ። ከሱ የምታገኙት የአልበም ምክር ይኼ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የነበረኝ የስም ክምር ነው። ማንም ስለኔ አልጠየቀኝም፣ እኔም ስለራሴ ምንም አልነገርኩም። ስለዚህ አጠያየቄን ቀየርኩት። በስልኬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ለሚቀጥለው ሰው ሁሉ እሱኑ አነበብኩለት። ማሕሙድን እወዳለሁ። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ የ1972ቱ፣ አለኝ፣ አልሰለቸኝም። ኦርጋንና ሳክስፎን ያለበት ደስ ይለኛል፣ ድምፃዊ ባይኖርም ግድ የለኝም። የምሰማው ማታ ነው፣ ከእናቴ ጋር፣ እሷ እየፈተለች። ጮክ ያለ ነገር አልችልም። የከበሮ ማሽንና ኪቦርድ ብቻ የሆነ ሙዚቃ አልፈልግም፣ ምክንያቱም የሠርግ ቤት ይመስለኛል። በሸክላ መገኘት አለበት።

ልዩነቱ የሚገርም ነው። የሚመልሱልኝ ሰዎች ቁጥር ቀነሰ። የመለሱት ግን አሰቡ። «ጮክ ያለ አልችልም» ስል ብዙው ሰው ራሱ የሚወደውን አልበም ከአፉ መለሰው። አንዷ ጓደኛዬ «ለእናትሽ ከሆነ አስናቀች ወርቁ» አለችኝ፣ ክራርና ድምፅ፣ ኢትዮፒክስ 16ኛው፣ ጎበዝ ምክር ነው። ሌላው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አነሳ። ፒያኖ ብቻ። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት 1967 ጀርመን አገር ነው፣ ያረፉት ደግሞ ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 2023፣ 99 ዓመታቸው ነበር። 21ኛው ኢትዮፒክስ የሳቸው ነው። ሁለቱንም ሰማኋቸው። እናቴ በእማሆይ ፒያኖ ሥር እንዝርቷን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት፣ ይኼ ነቀፋ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልወሰንኩም።

ዋናውን ነገር የነገረኝ ግን ድሮ ካሴት ይሸጥ የነበረ ሰውዬ ነው። ሱቁ አሁንም አለ፣ የሚሸጠው የስልክ ከቨርና ቻርጀር ሆኗል፣ ካሴቶቹ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ቁጭ ብለዋል። ያነበብኩለትን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «የከበሮ ማሽን አልፈልግም» ያልኩት ላይ አስቆመኝ።

«ለምን?»

«የሠርግ ቤት ይመስለኛላ።»

«እሱ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፣ እህቴ። ኃይሉ መርጊያን በአኮርዲዮን ሰምተሽዋል?»

ኃይሉን የማውቀው በዋልያስ ባንድ ነበር፣ በ1977ቱ «ቸ በለው»፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት። ኦርጋኑን። አኮርዲዮኑን አላውቅም። ሰውዬው ነገረኝ። ዋልያሶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉ እዛው ቀረ። 1985 ላይ ዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አንድ ላይ አድርጎ፣ ያለ ድምፃዊ፣ የድሮ ዜማዎችን ተጫወተ። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ነው። ካሴት ሆኖ አገር ቤት ገባ። ኃይሉ ራሱ በኋላ ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ከዛ ዓመታት አልፈው አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል፣ ከአፍሪካ ካሴት እየሰበሰበ የሚያሰማ ሰው፣ ያንን ካሴት አገኘው። የት? እዚሁ ባሕር ዳር። ኃይሉን ፈልጎ ደወለለት፣ ተስማሙ፣ በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚለው የሱ አሳታሚ ሥር በሸክላም በሲዲም እንደገና ወጣ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ሰውዬው ይኼን ሲጨርስ ላይኛውን መደርደሪያ በአገጩ እያሳየኝ «ከኔ ሱቅ ቢገዛ ኖሮ ስሜም አብሮ በታወቀ» አለና ሳቀ፣ ከዛ ለመጣው ደንበኛ ቻርጀር ሊያወርድ ተነሳ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰውዬው የጠቆመኝ «አልፈልግም» ካልኩት ውስጥ ነው። ያንን ማድረግ የቻለው ግን ምክንያቱን ስለነገርኩት ነው። «ኪቦርድ አልወድም» ብዬ ብቻ ባልፍ ኖሮ አክብሮኝ ሌላ ነገር ይነግረኝ ነበር። የማትፈልጉትን ስትናገሩ ለምን እንደማትፈልጉት ጨምሩበት፤ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ምክንያታችሁን ይከራከረዋል።

ምክሩን እንዳለ ግን አልዋጥኩትም። ለወንድሜ ከመደወሌ በፊት ማታ ከእናቴ ጋር በስልክ ከፍተን ሰማነው። አንድ ምክር እዚህ ላይ፣ ልትገዙ ያሰባችሁትን አልበም ስትሞክሩ ዝነኛውን ዘፈን ትታችሁ መሐል ላይ ካሉት ጀምሩ። ዝነኛው ሁልጊዜ ጥሩ ነው፣ ለዛ ነው ዝነኛ የሆነው። አልበም የሚፈተነው ማንም በማያነሳው ስድስተኛና ሰባተኛ ዘፈን ነው። እኛም እንደዛ አደረግን። እናቴ አልተኛችም። ጭራሽ መዝፈን ጀመረች፣ ዜማውን ታውቀዋለች፣ ድምፃዊ ስለሌለ ደግሞ ቦታው ባዶ ነው፣ እሷ ገባችበት። የከበሮ ማሽኑ እዛ አለ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ጠክ ጠክ ይላል፣ ከሠርግ ቤቱ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

ግዢው ላይ የምላችሁ ጥቂት ነው። ስም ሲፈለግ ፈረንጆቹ ስማችንን በላቲን ፊደል የሚጽፉት እያንዳንዱ እንደመሰለው ነው፣ ጥላሁንን ብቻ እንኳ ሁለት ሦስት ዓይነት አድርገው ጽፈውት ታገኛላችሁ፤ በአንዱ አጻጻፍ ካጣችሁት በሌላው ሞክሩ። የመጀመሪያው እትምና የድጋሚው እትም ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው፣ ለመስማት ከሆነ ድጋሚው ይበቃል፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ይሻላል፣ የድሮው ስንት ቤት ዞሮ ስንት መርፌ በልቶት ነው የሚደርሳችሁ። ሰብሳቢ ከሆናችሁ እኔን አትስሙኝ። የሚያመጣላችሁ ሰው በእጁ ቦርሳ፣ በቁሙ አድርጎ ይያዘው፣ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ ዕቃ ከተጫነው ይጣመማል። እዚህ ከደረሰ በኋላም ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ እንዳታስቀምጡት፣ የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። 45 ዙር ከሆነ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል ማጫወቻችሁ መሐል መሙያዋ እንዳለችው አስቀድማችሁ እዩ።

ውጭ አገር ወንድም የሌለው ምን ያድርግ? ብዙዎቻችን የያዝነው ካርድ ውጭ አገር ላለ ሻጭ ስለማይከፍል እሱ መንገድ ጠባብ ነው። ለአገር ውስጥ አዳዲስ ሥራዎች እንደ ሰዋስው ያለ መተግበሪያ አለ፣ እዛ ስትገዙ ለባለሙያው የሚደርሰው ነገር አለ። ሱቅ ሄዶ «ሜሞሪ ላይ ጫንልኝ» ማለት ለሁላችንም የተለመደ ነገር ነው፣ በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ ግን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ክልክል ነው፣ አዋጁ ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው። ለመሞከር የሰማችሁትን ስትወዱት ግዙት፣ እኔ የምለው ይኼን ነው።

ሸክላው ለእንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ቤታችን ውስጥ ዶሮ ወጡ ሳይቀር በአኮርዲዮን ነው የተሠራው። ወንድሜ ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜም አንድ ቃል ገብቷል። ስለዚህ አሁን ተራው የናንተ ነው። ኃይሉ አለኝ፣ ሙላቱ አለኝ። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ኢትዮፒክስ 14 ላይ ሰምቼ ወድጄዋለሁ፣ ለማታ ግን ኃይለኛ ሆነብኝ። እናቴ አብራው የምትዘፍነው ነገር ትፈልጋለች፣ የጎጃም ወይ የጎንደር ዜማ ቢሆን ትመርጣለች። አሁንም ጩኸት አልችልም። ዋሽንት ያለበት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ እንደ ጀርባ ጌጥ ሳይሆን ዋሽንቱ ራሱ ዋና ሆኖ። ሙሉ አልበም ይሁን፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ስብስብ አይሁን። በሸክላ ካልተገኘ ሲዲም ይሆናል። ሴት ድምፃዊት ከሆነች ጂጂን ትታችሁ ሌላ ንገሩኝ። እና እባካችሁ፣ የምትጠቁሙኝን አልበም እናንተ መቼና ከማን ጋር እንደምትሰሙት ጨምሩበት።